ታኮ

የተለበለበ ጎማ ሽታ ከማስቲሽ ጋር ሲደባለቅ ሦስተኛ ሽታ ይወጣዋል። የአጎቴ ባለቤት እትዬ ባለፈው ጥቅምት አርፈው ለቅሶ ልደርስ አዳማ ሄጄ ነበር። ከድንኳኑ ወጥቼ በወለንጪቲ መውጫ በኩል እግሬን ሳፍታታ፣ ከመንገዱ ዳር ካለ ጎሚስታ ቤት ያ ሽታ መጣ። አንድ ሲኖትራክ በክሪክ ተነሥቶ ቆሟል። ልጁ ከመነዳሪውን ገንዳው ውስጥ እየነከረ አረፋ የሚወጣበትን ቦታ ይፈልጋል። ከፊት ጎማው ሥር ታኮ ተብሎ የተወሸቀው ከአስፋልቱ ዳር የተነሣ ድንጋይ ነው። ዓይኔ እዚያ ድንጋይ ላይ ቀረ።

የእኛ ታኮ የወይራ ነበር። አጎቴ ራሳቸው በመጥረቢያ ጠርበው፣ ጫፉ እንዳይሰነጠቅ የላሜራ ቀለበት አስገብተውለት፣ በተሳቢው ጎን በገመድ ይንጠለጠል ነበር። ስንት ዓመት ግራሶና ናፍታ ጠጥቶ ጠቁሯል። ፀሐይ ላይ ከዋለ እጅ ይፈጃል። ረዳት ሆኜ ስጀምር የመጀመሪያ ሥራዬ እሱ ነበር። አጎቴ ማርሽ ቀንሰው ወደ ዳር ሲይዙ ከጋቢናው ዘልዬ እወርዳለሁ፤ ታኮውን ፈትቼ ከኋላ ጎማው ሥር እወሽቃለሁ፤ ከዚያ «ሆኗል!» ብዬ እጮሃለሁ። ያን ቃል ሳይሰሙ ሞተር አያጠፉም። ቁልቁለት ይሁን ሜዳ፣ ለሻይ ይሁን ለአዳር፣ «ሆኗል» ካልተባለ መኪናው ቆሟል አይባልም።

መኪናው ፊያት ነው፤ ኤንትሬ። ከልጅነታቸው ጀምሮ ጋራዥ ውስጥ ሲሠሩ ኖረው፣ ከሰው ተበድረው፣ ቀሪውን በዓመታት ከፍለው የራሳቸው ያደረጉት። ናዝሬት (የዛሬዋ አዳማ) ያለው ቤት የተሠራው፣ ልጆቹ የተማሩት፣ እኔም አባቴ ከሞተ በኋላ የበላሁት ከዚያ መኪና ነው። ሊብሬው እትዬ ሣጥን ውስጥ ከጋብቻ ወረቀታቸው ጋር በአንድ ፖስታ ይቀመጥ ነበር።

ብዙ ሰው የሾፌር ሥራ መንዳት ይመስለዋል። መንዳቱማ ቀላሉ ነው። ከባዱ መጠበቁ ነው፦ ጭነት መጠበቅ፣ ወረቀት መጠበቅ፣ ሚዛን ላይ ተራ መጠበቅ፣ የተበሳው እስኪለጠፍ፣ የጋለው ሞተር እስኪበርድ፣ የመርከብ ጭነት እስኪራገፍ መጠበቅ። በዚያ ላይ ዘመኑ የደርግ ነው። የግል መኪና ሁሉ በቀጠና ተደራጅቶ በተራ ይሠራል። ምን እንደሚጫን፣ ወዴት እንደሚሄድ የሚመድበው ቀጠናው ነው፤ ታሪፉም ከላይ የተቆረጠ ነው። ታዲያ የራሴ መኪና የሚል ሰው የራሱ ምን ነበረው? ይህን ጥያቄ ያን ጊዜ አልጠየቅሁትም። አሁን ሳስበው መልሱ ያ ታኮ ይመስለኛል። አጎቴ የት እንደሚሄዱ ሌላ ሰው ይወስን እንጂ የት እንደሚቆሙ የሚወስኑት እሳቸው ነበሩ።

የምንነሣው ሌሊት 10 ሰዓት ነው። ኤንትሬ ሲነሣ ሰፈሩ አብሮ ይነሣል። የፍሬኑ ንፋስ እስኪሞላ ድረስ ሞተሩ እያጓራ ይቆማል፤ እትዬ በዚያ መሃል ነጠላቸውን አጣፍተው ስንቁን ያቀብሉኛል። ድርቆሽ፣ በሶ፣ ቋንጣ፣ በወረቀት የተጠቀለለ ሚጥሚጣ። ከመኪናው ፊት በተንጠለጠለው የሸራ ውሃ መያዣ ውሃ እሞላለሁ። ያ ሸራ ውጪው እርጥብ ስለሚሆን መንገድ ላይ ንፋሱ ያቀዘቅዘዋል፤ ገዋኔ በረሃ ላይ ከዚያ የጠጣሁትን ውሃ የመሰለ ከማንኛውም ፍሪጅ ቀድቼ አላውቅም። እትዬ «በሰላም ግቡ» ይላሉ፤ አጎቴ «አሜን» ይላሉ፤ ሌላ ንግግር የለም። መቼ እንደምንመለስ አይጠየቅም፣ አይነገርም።

ወለንጪቲ ላይ ጎህ ይቀዳል። የመጀመሪያው ማቆሚያ እዚያ ነው። «ሆኗል» ካልኩ በኋላ ሻይ ቤት አልገባም፤ ጎማ እዞራለሁ። የብረት ዘንግ ይዤ እያንዳንዱን እመታለሁ። ንፋሱ የሞላ ጎማ ዘንጉን መልሶ ይወረውረዋል፤ ድምፁም ጠንካራ ነው። የጎደለው ዱፍ ብሎ ይቀበለዋል። መንታ ጎማ ላይ ከሁለቱ አንዱ ባዶ ቢሆን በዓይን አይታወቅም፤ ጭነቱን ጓደኛው ተሸክሞለታል፤ ትንሽ ቆይቶ ግን ጓደኛውም ግሎ ይፈነዳል። ስለዚህ በጆሮ ነው የሚፈለገው። ከዚያ መዳፌን ቸርኬዎቹ መሃል ላይ በየተራ አሳርፋለሁ። እጄን አሳርፌ መቆየት ከቻልኩ ሰላም ነው። ገና ሳላሳርፈው ከፈጀኝ ወይ ኩሽኔታው ወይ ፍሬኑ ጣጣ አለበት፣ ለአጎቴ መናገር አለብኝ። አጎቴ ሻያቸውን ይዘው ከሩቅ ያዳምጣሉ። አንድ ቀን ሦስተኛውን ጎማ መትቼ ሳልፍ «ተመለስ» አሉኝ። ጀርባቸውን ሰጥተው ነበር የተቀመጡት። ተመልሼ መታሁት፤ ንፋሱ ጎድሏል። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱን ጎማ ሁለት ጊዜ መምታት ጀመርኩ።

ከወለንጪቲ በኋላ መሬቱ እየወረደ፣ ሙቀቱ እየወጣ ይሄዳል። የፈንታሌ ተራራ ከሩቅ ይታያል። መተሐራ ሳይደረስ መንገዱ የእሳተ ገሞራውን ጥቁር ድንጋይ ሰንጥቆ በበሰቃ ሐይቅ ዳር ያልፋል። ያን ጊዜ ሐይቁን ከመስኮት ማየት ነበር እንጂ ማንም አይፈራውም ነበር። ከ60 ዓመት በፊት 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ የነበረ ውሃ ነው። ከመስኖ የሚተርፈውና ከምድር ሥር የሚመጣው ውሃ እየጨመረበት ዛሬ ከ40 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሆኗል። መኪናው የሚሄድበትንም ባቡሩ የሚሄድበትንም መሬት እየዋጠ፣ መንገዱ ስንት ጊዜ ከፍ ከፍ ተደርጎ ተሠርቷል። እኛ ቆመን ምሳ የበላንበት ዛፍ አሁን ውሃ ውስጥ ነው። ዘንድሮ በዚያ ሳልፍ ቦታውን ለመለየት ሞከርኩ፤ የማውቀው ተራራውን ብቻ ሆነ።

መተሐራ ላይ የከረዩ ሴቶች ከመንገዱ ዳር የግመል ወተት ይዘው ይቀመጡ ነበር። ወተቱ በታጠነ ዕቃ ውስጥ ስለሚቀመጥ ጭስ ጭስ ይላል። አጎቴ ኦሮምኛቸው የናዝሬት ነው፤ ከሴቶቹ ጋር ስለ ዝናብ፣ ስለ ከብት፣ ስለ ሣር ብዙ ጊዜ ወስደው ይጫወታሉ። ወተት ለመግዛት ያን ሁሉ ማውራት ለምን እንደሚያስፈልግ አይገባኝም ነበር። ከወራት በኋላ ግን መንገድ ላይ ዘንቦ ድልድይ መሞላቱን ከማንም በፊት የነገሩን እነዚያ ሴቶች ናቸው። እዚያው መተሐራ የስኳር አገዳው ሊቆረጥ ሲል በሌሊት ይቃጠላል፤ እሳቱ ማሳውን ሲያጋይ ከአስፋልቱ ላይ ይታያል። በማግስቱ ጠዋት ጋቢናው ላይ ጥቁር ጥላሸት ተኝቶ እናገኛለን፤ መስተዋቱን ስወለውል ጣፋጭ የተቃጠለ ሽታ እጄ ላይ ይቀራል።

አዋሽ ሰባት አዳር ነው። ሾፌሮች በሙሉ ፓስታ የሚበሉባት ቤት ነበረች፤ ባለቤቷን ሁላችንም «እማማ» ነበር የምንላቸው። ስልክ ለሾፌር ባልነበረበት ዘመን የመንገዱ ስልክ እሳቸው ነበሩ። «የናዝሬቱ ትናንት ማታ ወረደ፤ ጎማ ተበስቶበት ሚሌ ቆይቷል።» «የደሴው ሚስቱ ወልዳለች በሉት።» «እገሌ ካርዳን ተሰብሮበት ዶቢ ላይ ቆሟል፤ የሚያልፍ ካለ ዕቃውን ይውሰድለት።» ገንዘብ ለቤተሰብ የሚላከው በእሳቸው በኩል ነው፤ ዕቃ የሚቀመጠው እሳቸው ዘንድ ነው። ደብተር ሲጽፉ አላየሁም። ግን የጠፋ መልእክት፣ የጎደለ ብር አላስታውስም። ከጓሮ አንድ አዛውንት ዘበኛ ሌሊቱን ሙሉ በመኪኖቹ መሃል እየዞሩ ይጠብቃሉ። እኛ ከተሳቢው ሥር ሸራ አንጥፈን፣ ሽርጥ አገልድመን፣ ጀርባችንን ለመሬቱ ሙቀት ሰጥተን እንተኛለን። አንዱ ሬዲዮ ይከፍታል፤ አንዱ ስለ ቤቱ ያወራል። ብዙ ነገር የተማርኩት እዚያ ተኝቼ ነው፤ ሞተር እንዴት እንደሚሰማ፣ ትዳር እንዴት እንደሚያዝ፣ ዕዳ እንዴት እንደሚከፈል።

አንድ ሌሊት የድርጅት መኪናዎች እየተከታተሉ ሲያልፉን አየሁና ተቁነጠነጥኩ። «ጋሼ፣ እነ እገሌ እኮ ጥለውን ሄዱ» አልኳቸው። «ይሂዱ» አሉ፤ «የእነሱ መኪና የሰው ነው።»

ቅጥረኛ ሾፌር የሚሮጠው ሰዓት የሚቆጥርበት ስላለ ነው። አጎቴ ግን ለማንም መልስ አይሰጡም። ይህ ማለት ቢቆሙ አይጎዱም ማለት አይደለም፤ ለባለ መኪና የቆመች ሰዓት ሁሉ ከኪሱ ናት። ከቅጥረኛው የበለጠ መሮጥ የነበረባቸው እሳቸው ናቸው። ኪሳራውን እያወቁ ይቆሙ ነበር፤ ሰው ለማየት፣ ወሬ ለመስማት፣ የተሰበረበትን ለመርዳት፣ ከተሳቢው ሥር ጋደም ለማለት። ለእኔ የራስ መኪና ክብሩ ይህ ነው፤ ዛሬም ሀብት ሲባል መጀመሪያ የሚታየኝ ገንዘቡ አይደለም።

ያልቆሙበትን ጊዜም አስታውሳለሁ። በ1977 ከአሰብ የእርዳታ እህል ጭነን በሚሌ በኩል ወደ ኮምቦልቻ ስንወጣ፣ ባቲ አካባቢ ሰው ከመንገዱ ግራና ቀኝ ተቀምጦ ነበር። ተቀምጦ ነበር ስል መቆም የሚችል ስላልነበረ ነው። መኪናዎቹ ተከታትለው ነው የሚሄዱት፤ ጭነቱ ለመጋዘን የታዘዘ ነው፤ ከኋላችንም ከፊታችንም መኪና አለ። ዘልዬ ልወርድ የጋቢናውን በር ይዤ ነበር፤ ይቆማሉ ብዬ። አጎቴ ማርሽ አልቀነሱም። ኮምቦልቻ እስክንደርስ ቃል አልተናገሩም፤ እዚያም ደርሰን «ሆኗል» ስል ሞተሩን ሳያጠፉ ብዙ ቆዩ። ስለዚያ ቀን በኋላም አንሥተውት አያውቁም፤ እኔም አልጠየቅኳቸውም።

በዓመት አንዴ ታኅሣሥ 19 ጭነት የሚባል ነገር የለም። ቁልቢ ገብርኤል ነው። ተሳቢው ታጥቦ፣ ሸራው ተወጥሮ፣ የሰፈሩ ሰው ምንጣፉንና ድስቱን ይዞ ይሳፈራል። ከአዋሽ ወደ አሰበ ተፈሪ ዳገቱን ስንወጣ ከኋላችን የሴቶቹ እልልታ ይሰማል። አጎቴ ለዚያ ጉዞ ከማንም ሳንቲም አይቀበሉም፤ ስለታቸው ነው። የመንገድ ሰው ብዙው የገብርኤል ነው፤ ምክንያቱን ለመረዳት አንዴ በተሳቢ ጭነት የዶቢን ቁልቁለት መውረድ ይበቃል።

ከደርግ በኋላ ቀጠናው ቀረ፤ ሰው ጭነቱን ራሱ እየተደራደረ መጫን ጀመረ። ለአጎቴ ያ ጥቂት ዓመት ጥሩ ነበር። ግንቦት 1990 ከኤርትራ ጋር ጦርነቱ ሲመጣ አሰብ ተዘጋ፤ መኪናው ሁሉ ፊቱን ወደ ጋላፊና ወደ ጅቡቲ አዞረ። ከአዲስ አበባ ርቀቱ ያው ወደ 900 ኪሎ ሜትር ነው፤ ሰዎቹ ግን ሌላ ናቸው። የማንዳና የቡሬ ሻይ ቤቶች ከመንገዳችን ወጡ፤ አሰብ ላይ የሚያውቁን ሰዎች፣ ለአንዱ ያበደርነው፣ ከሌላው የተበደርነው፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ ድንበር ማዶ ቀረ። አጎቴ ጥቂት ጅቡቲ ተመላለሱና ዓይናቸውም ደከመ፤ ኤንትሬውን ለጠጠር ጫኝ ሸጡት። መኪናው ሲሸጥ ታኮውን አልሰጡም። እትዬ ብዙ ዓመት የግቢውን በር ይደግፉበት ነበር።

እኔ በበኩሌ ወደ ደቡብ ዞርኩ። አይሱዙ ኤፍኤስአር ገዝቼ ከመቂና ከዝዋይ ሽንኩርትና ቲማቲም ወደ አዲስ አበባ አትክልት ተራ እጭን ነበር። ያ ሌላ ኑሮ ነው። ሽንኩርት ይታገሣል፤ ቲማቲም ግን አይጠብቅም። ከሰዓት ማሳ ላይ ይለቀማል፣ ማታ በሣጥን ይጫናል፣ ሌሊቱን ይነዳል፣ ሳይነጋ ፒያሳ መድረስ ነበረበት። ቆቃን የማየው በጨለማ ነው። ጣሊያን በጦር ካሣ የሠራችው፣ በ1952 ዓ.ም. የተመረቀው ያ ግድብ ለእኔ መስኮት ሲከፈት ፊትን የሚመታ ቀዝቃዛ የውሃ ሽታ ነው። ዓለም ጤና ላይ አንዲት ልጅ ሌሊት 8 ሰዓት ሻይ ታፈላ ነበር፤ ከፋኖሷ በስተቀር በከተማው ሌላ መብራት አይታይም። ጭነቱ እንደሚጣደፍ እያወቅሁ እዚያ ሳልቆም አላልፍም። ጎማ እዞራለሁ፣ እመታለሁ፣ መዳፌን አሳርፋለሁ፤ ሻይዋ ዝንጅብል ይበዛበታል። እዚያ ስቆም ነው አጎቴ የገቡኝ።

መስከረም 2007 የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ ተመርቆ ተከፈተ። መንገዱን አልወቅስም። የድሮው መንገድ የበላውን ሰው የሚያውቅ ሰው አይወቅሰውም፤ ዱከምና ሞጆ መሃል ቆርቆሮ ሆነው የተነሡ ሚኒባሶችን በእጄ ገፍቻለሁ። 85 ኪሎ ሜትር ያለ ጋሪ፣ ያለ በግ፣ ያለ ባጃጅ መንዳት ዕረፍት ነው። አሁን ደግሞ ከሞጆ በመቂ አድርጎ ዝዋይ (ባቱ) የሚደርስ አለ፤ ከአዳማ ወደ አዋሽም ሥራው ተጀምሯል። ግን መንገዱ በአጥር ነው የሚሄደው። መግቢያው ላይ ካርድ ተቀብሎ መውጫው ላይ ከፍሎ የሚወጣ ሰው ዓለም ጤናን አያያትም። ያቺ ልጅ፣ አሁን ትልቅ ሴት ሆና ይሆናል፣ ለማን ሻይ ታፍላ? ከባቡር ጣቢያ የተወለደችው ናዝሬት ራሷ የቆመ ሰው የሠራት ከተማ ናት፤ መተሐራም፣ አዋሽም፣ መቂም እንዲሁ። አንዱ ውሃ ሊቀዳ ቆመ፣ አንዷ ዳቦ ልትሸጥለት መጣች፣ ጎሚስታው ተከተለ፣ ከዚያ ትምህርት ቤት፣ ከዚያ ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ። መኪና የማይቆምበት ከተማ ሌላ እንጀራ መፈለግ አለበት፤ እስኪያገኝ ድረስ የሚራበውን ሰው በፊቱ አውቀዋለሁ።

የጅቡቲው የኤሌክትሪክ ባቡር በ2009 ሲመረቅ የጭነት መኪና ነገር አበቃ ተብሎ ነበር። አላበቃም። ከጅቡቲ የሚመጣው ዕቃ አብዛኛው ዛሬም በጎማ ነው የሚመጣው፤ ሞጆ ደረቅ ወደብ አጠገብ የሚሰለፈውን ተሳቢ ማየት ይበቃል። ከእነዚያ አንዱ የአጎቴ የልጅ ልጅ ነው። ሲኖትራክ አለው፤ ማለቴ በባንክ ብድር የገዛው፣ በማኅበር የሚጭነው የራሱ መኪና። ከለቅሶው ድንኳን ጀርባ ተቀምጠን ስለ ሥራው ጠየቅሁት።

መጀመሪያ የነገረኝ ስለ ናፍታ ነው። ማደያ ላይ ቀንና ሌሊት ስለሚያልፍበት ወረፋ። ከ2015 ወዲህ ክፍያው በቴሌብር ስለሆነ ጥሬ ገንዘብ ይዞ መሄዱ መቅረቱን ወዶታል፤ ግን ኔትወርክ የጠፋ ቀን ማደያው ፊት ቆሞ ናፍታ መቅዳት አይቻልም። ከዚያ ስለ ጎማ ዋጋ፣ ከዚያ ስለ ወርሃዊ ክፍያው። ባንኩ ሾፌሩ ታመመ፣ መንገድ ተዘጋ አይልም። ድምፁ የደከመ ነበር፤ ዕድሜው ገና ሠላሳ ነው።

«አዳር የት ነው?» አልኩት።

«እንደ ሁኔታው ነው፣ ጋሼ።»

«አዋሽ?»

«በቀን ከደረስኩ። ከመሸ አልቆምም። ሌሎች ካሉ ተከታትለን እንሄዳለን። ብቻዬን ከሆንኩ ጋቢና ቆልፌ፣ መስኮት ዘግቼ ማደያ ውስጥ ነው።»

መስኮት ዘግቶ በአዋሽ ሙቀት መተኛት ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ሾፌር ታገተ፣ ሾፌር ተገደለ የሚለውን ዜና እኔም ቤቴ ተቀምጬ ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ፤ በእያንዳንዱ ጊዜ ስልኬን አንሥቼ ለዚህ ልጅ ደውያለሁ። የከረዩ ሴቶች ወተት ይሸጣሉ ወይ አልኩት። ይሸጣሉ አለ፤ ቆሞ ገዝቶ ግን አያውቅም። መቆም ያስፈራዋል፤ ሰው ወደ መኪናው ሲጠጋ ያስፈራዋል። አጎቴ ወሬ የሚሰሙባቸው ሴቶች የልጅ ልጆች ናቸው ዛሬ እዚያ የተቀመጡት፤ የአጎቴ የልጅ ልጅ ደግሞ መስኮቱን ዘግቶ ያልፋቸዋል። ይህ የሚያንገበግበኝ ማንንም መውቀስ ስለማልችል ነው። ልጁም ልክ ነው።

ስልኩን አውጥቶ አሳየኝ። ሾፌሮቹ የሚነጋገሩበት የቴሌግራም ግሩፕ ነው። «ገዋኔ ላይ መንገድ ተከፍቷል።» «ማታ እንዳትነሡ።» «ካርዳን የተሰበረበት ወንድማችን ሎጊያ መግቢያ ላይ አለ፣ የሚያልፍ ይርዳው።» አነበብኩና ድምፄ ተያዘ። እማማ አዋሽ ላይ ሆነው ይሉት የነበረው ቃል በቃል ነው። ሰዎቹ አልተለወጡም፤ አሁንም አንዱ ስለ አንዱ ይጠይቃል። የጎደለው አብረው የሚጋደሙበት መሬት ነው። ሁሉም ያንን መልእክት የሚያነበው ብቻውን፣ በተዘጋ ጋቢና ውስጥ ነው። ሻይ የሚያፈላለት የለም፣ ጎማውን የሚመታለት ረዳትም የለም፤ ብዙዎቹ ወጪ ለመቀነስ ያለ ረዳት ነው የሚሄዱት። ድንጋዩን ከጎማ ሥር የሚወሽቀው ራሱ ነው፤ «ሆኗል» የሚለው የለም።

ልጁ ሠልስት ሳይወጣ ተጠራ። ሞጆ ላይ ተራው ደርሷል። እናቱ ለእትዬ ለቅሶ ከመጣው ዳቦ ቆርጣ በፌስታል ሰጠችው።

ከአዳማ ወደ አዋሽ የሚሄደውን መንገድ የሚሠሩ ሰዎች ይህን ቢያነቡ አንድ ነገር እለምናቸዋለሁ። መንገዱን ሥሩ፤ አጥሩንም ሥሩ፤ ግን ለጭነት መኪና መቆሚያ ተዉለት። መብራትና ጥበቃ ያለው ይሁን፤ ውሃ፣ ሽንት ቤትና የዛፍ ጥላ ይኑረው። የአካባቢው ሰው ሻይና ወተት ይዞ እንዲገባ በር ይኑረው፤ ጎሚስታም ይግባ። ሾፌሮቹ ተሰብስበው ከተሳቢያቸው ሥር ሸራ አንጥፈው የሚያድሩበት ቦታ ይሁን። አንዱ ወለንጪቲ ላይ፣ አንዱ መተሐራ ላይ፣ አንዱ አዋሽ ሰባት ላይ፣ ቢቻል ደግሞ ከአዋሽ አልፎ አንዱ ገዋኔ ላይ።